የመንፈስ ቅዱስ በገና፦ ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊና በዝማሬ የተጠበቀች ሃይማኖት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአብነት ትምህርት ቤት ያለፍን ሁላችን የማንረሳው ሰዓት አለ። ቀን ፊደል ስንቆጥር፣ ዳዊት ስንደግም እንውላለን፤ ሲመሽ መጽሐፉ ይታጠፍና የቃል ትምህርት ይጀመራል። መምህሩ ወይም ከፍ ያለው ተማሪ ይመራል፤ እኛ ታናናሾቹ እንቀበላለን። በዚያ ጨለማ አስቀድሞ በጆሯችን ገብቶ በአንደበታችን ከተቀመጡት ጸሎታት አንዱ ውዳሴ ማርያም ነው። ምሥጢሩን ሳናውቅ ቃሉን ያዝነው፤ ቃሉም ከእኛ ጋር አደገ። ከዓመታት በኋላ ትርጓሜውን ስንሰማ እንግዳ አልሆነብንም፤ በቤታችን ሲኖር የቆየ ወዳጅ ስሙን የነገረን ያህል ነበር።

በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ይህን ውዳሴ የደረሰው ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ ነው። ይህ አባት ካረፈ ከ1,600 ዓመታት በላይ አልፈዋል። ብዙዎቻችን ስሙን ከውዳሴ ማርያም ጋር እናነሣዋለን እንጂ ሕይወቱን በዝርዝር አናውቀውም። እርሱ የኖረው ከተሞች በሚከበቡበት፣ ሕዝብ በሚሰደድበት፣ ክሕደትም ጣፋጭ ዜማ ለብሶ በየአደባባዩ በሚዘመርበት ዘመን ነበር። ለዚያ ዘመን የሰጠው መልስ ደግሞ በብራና ላይ የሚቀር ክርክር ብቻ አልነበረም። ምሥጢረ ሃይማኖትን በግጥም ቀመረው፣ በታሪክ አለበሰው፣ በሕዝብ አንደበት እንዲዘመርም አደረገው። በዚህ ጽሑፍ የዚህን ቅዱስ ሕይወት በአጭሩ እየተረክን፣ ሦስቱ ነገሮች ማለትም ግጥም፣ ታሪክና ዝማሬ በእርሱ ዘንድ እንዴት አንድ እንደሆኑ እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደቱና አስተዳደጉ

ቅዱስ ኤፍሬም በ306 ዓ.ም. ገደማ ንጽቢን በምትባል ከተማ ተወለደ። ንጽቢን በሮም ግዛት ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከፋርስ መንግሥት ጋር በሚያዋስነው ምድር የነበረች የንግድና የጦር ከተማ ናት። ዛሬ በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ኑሳይቢን ትባላለች። የሕዝቡ ቋንቋ ሱርስት ነበር፤ ቅዱስ ኤፍሬምም ድርሰቶቹን ሁሉ የደረሰው በዚሁ ቋንቋ ነው።

ስንክሳር አባቱ የጣዖት አገልጋይ እንደ ነበረና ልጁ ክርስቲያን መሆን በወደደ ጊዜ ከቤቱ እንዳስወጣው ይተርካል። ከራሱ ድርሰቶች የሚቀዱ ሊቃውንት ደግሞ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በእውነት መንገድ እንዳደገ ይናገራሉ። ሁለቱም የሚስማሙበት ነገር ግን አለ፤ እርሱም የከተማዋ ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ያዕቆብ ዘንጽቢን በመንፈስ እንደ ወለደው ነው። ቅዱስ ያዕቆብ በ325 ዓ.ም. በኒቅያ ከተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት አንዱ ነው። ትውፊት ወጣቱ ኤፍሬም መምህሩን ተከትሎ ወደ ኒቅያ እንደ ሄደ ይናገራል። ከጉባኤው መልስ በንጽቢን የመጻሕፍት መምህር ሆኖ እንዲያገለግል የሾመውም ይኸው አባት እንደ ሆነ ይነገራል።

በዲቁና ማዕርግ አገለገለ፤ እስከ ዕለተ ዕረፍቱም ዲያቆን ሆኖ ኖረ። ስንክሳር ቅዱስ ባስልዮስን በእሳት ዓምድ አምሳል እንዳየውና ሊጎበኘው ወደ ቂሳርያ እንደ ሄደ፣ ዲቁናውንም ከእርሱ እጅ እንደ ተቀበለ ይተርካል። ጵጵስናን ያልተሾመ፣ ቅስናንም ያልተቀበለ ይህ አገልጋይ የቤተ ክርስቲያን መምህር ተብሎ በምሥራቅም በምዕራብም ይጠራል።

ስለ ልጅነቱ የሚነገር አንድ ራእይ አለ። ከምላሱ ሥር የወይን ሐረግ በቅላ አደገች፤ ሰማይን እስክትነካ ድረስ ረዘመች፤ የሰማይ ወፎችም መጥተው ከፍሬዋ ይበሉ ነበር፤ በበሉላት መጠንም ፍሬዋ ይበዛ እንጂ አይጎድልም ነበር። አበው ይህን ራእይ ስለ ድርሰቶቹ ተርጉመውታል። እኛ ደግሞ አንድ ነገር እናስተውላለን፤ ሐረጓ የበቀለችው ከእጁ ወይም ከብዕሩ አይደለም፤ ከምላሱ ነው። የኤፍሬም ስጦታ ከመጀመሪያው የሚሰማ ቃል ነበር።

የተከበበችው ከተማ

የፋርሱ ንጉሥ ዳግማዊ ሳቦር ንጽቢንን ሦስት ጊዜ ከበባት፤ በ338፣ በ346 እና በ350 ዓ.ም.። መምህሩ ቅዱስ ያዕቆብ ያረፈው በመጀመሪያው ከበባ ዘመን ነው። ሦስተኛው ከበባ ከሁሉ የከፋ ነበር። ሳቦር በከተማዋ አጠገብ የሚፈሰውን ወንዝ አስገደበውና ውኃውን በከተማዋ ላይ ለቀቀው። ሜዳው ባሕር ሆነ፤ ቅጥሯም በአንድ በኩል ፈረሰ። ሆኖም ከተማዋ አልተያዘችም፤ ሕዝቡ የፈረሰውን ቅጥር መልሶ ሠራ፤ ሳቦርም ተመለሰ።

ቅዱስ ኤፍሬም በዚያ መከራ ውስጥ ነበር። ያየውን ግን ዜና መዋዕል እንደሚጽፍ ሰው በተርታ አልጻፈውም። ንጽቢንን እንደ ኖኅ መርከብ አድርጎ ገጠማት። ከተማይቱ ራሷ በመዝሙሩ ውስጥ አንደበት አግኝታ ወደ አምላኳ ትጮኻለች፤ ከኖኅ መርከብ ጋር መከራዋን ታነጻጽራለች። ያን መዝሙር በቤተ ክርስቲያን ሲሰማ የነበረው ሰው ትናንት በጭቃ ውስጥ ቆሞ ድንጋይ ሲያቀብል የዋለ ነው። የኖኅን ታሪክ ከመጽሐፍ ያውቀዋል፤ አሁን ግን ራሱን በመርከቡ ውስጥ አገኘው። የገዛ መከራው በእግዚአብሔር የማዳን ታሪክ ውስጥ ስፍራ እንዳለው በዜማ ተነገረው።

ስለ ንጽቢንና በእርሷ ስላገለገሉት ኤጲስ ቆጶሳት፣ ስለ ሞትና ስለ ትንሣኤም የደረሳቸው መዝሙራት በአንድ ተሰብስበው የንጽቢን መዝሙራት ይባላሉ፤ ቁጥራቸውም 77 ነው።

ስደት

በ363 ዓ.ም. ዑልያኖስ ከሃዲ በፋርስ ምድር በጦርነት ሞተ። በእርሱ ፈንታ የነገሠው ዮቢያኖስ ሠራዊቱን ለማዳን ሲል ንጽቢንን ለሳቦር አሳልፎ ሰጠ። በውሉ መሠረት ሕዝቡ ከተማዋን ለቆ መውጣት ነበረበት። ሦስት ጊዜ በጦር ያልተያዘች ከተማ በፊርማ ተያዘች። ቅዱስ ኤፍሬም የፋርስ ሰንደቅ በግንቡ ላይ ተተክሎ፣ የከሃዲውም ንጉሥ በድን በከተማዋ አጠገብ ሲያልፍ በዓይኑ እንዳየ በድርሰቱ መስክሯል።

ያን ጊዜ ዕድሜው ወደ 60 ይጠጋ ነበር። በዚህ ዕድሜ ሀገሩን፣ ያስተማረበትን ጉባኤ፣ የመምህሩንም መቃብር ትቶ ከሕዝቡ ጋር ተሰደደ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አባቶቻችን ሮሃ ወደሚሏት ወደ ኤዴሳ ገባ። ይህች ከተማ ዛሬ ኡርፋ ትባላለች። ወደ ከተማዋ ሲገባ በወንዝ ዳር ልብስ የምታጥብ አንዲት ሴት ትክ ብላ አየችው። እርሱም እንዲህ ማየቷን ነቀፈ። ሴቲቱ ግን እርሷ ከወንድ ጎን ስለ ተገኘች ወንድን ብታይ እንደሚገባት፣ እርሱ ግን ከተገኘበት ከአፈር ዓይኑን ሊያነሣ እንደማይገባው መለሰችለት። ሽማግሌው መምህር በተግሣጿ ተገርሞ እግዚአብሔርን አመሰገነ ይባላል። በሮሃ የመጀመሪያውን ትምህርት ያስተማረችው ሴት ናት፤ ከዚህ በኋላ የምንናገረው የአገልግሎቱ ታላቅ ምዕራፍም በሴቶች አንደበት የተፈጸመ ነው።

በዜማ የገባ ክሕደት

ሮሃ የጥንት የክርስትና ከተማ ብትሆንም ቅዱስ ኤፍሬም ሲደርስ በብዙ ትምህርት ተከፋፍላ አገኛት። ብሉይ ኪዳንን የሚጥሉ የመርቅያን ተከታዮች ነበሩ፤ ብርሃንና ጨለማ ሁለት አማልክት እንደ ሆኑ የሚያስተምሩ የማኒ ተከታዮች ነበሩ፤ ወልድን ፍጡር የሚሉ አርዮሳውያንም ነበሩ። ከሁሉ ይልቅ ግን በሕዝቡ ልብ ገብቶ የነበረው የባርዳይሳን ትምህርት ነው።

ባርዳይሳን ከ154 እስከ 222 ዓ.ም. የኖረ የዚያችው የሮሃ ሰው ነው። ፈላስፋና ባለቅኔ ነበር። የሥጋን ትንሣኤ ይክድ ነበር። ይህን ትምህርቱን በደረቅ ክርክር አላቀረበውም፤ በዳዊት መዝሙራት ቁጥር 150 መዝሙራት ደርሶ በዜማ አስተማረው። ልጁ ሐርሞንዮስም የአባቱን ፈለግ ተከትሎ ዜማውን እንዳስፋፋ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሶዞሜን ይተርካል። በዚህ ምክንያት ባርዳይሳን ከሞተ ከ100 ዓመታት በላይ ቆይቶ እንኳ ወጣቶች መዝሙሩን ይዘምሩት ነበር። ብዙዎቹ ስለ ፍልስፍናው የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ዜማው ጣፍጧቸው ይዘምሩታል፤ ሲዘምሩት ቃሉ ይለመዳል፤ የተለመደው ቃል ውሎ አድሮ እምነት ይሆናል።

ቅዱስ ኤፍሬም ይህን አስተዋለ። ሊቃውንቱን በክርክር መርታት ይችል ነበር፤ በስድ ንባብ የጻፋቸው የመልስ ድርሳናትም አሉት። ነገር ግን ድርሳንን የሚያነብ ጥቂት ነው። ገበያ የምትወርድ እናት፣ በሽመና ዕቃው ላይ የተቀመጠ ሠራተኛ፣ በአደባባይ የሚጫወት ልጅ መጽሐፍ አያነቡም፤ ይዘምራሉ። ስለዚህ መርዙ በገባበት በር መድኃኒቱን ሊያስገባ ወሰነ። በመናፍቃን ላይ ብቻ 56፣ ስለ ሃይማኖት 87፣ ስለ ገነት 15 መዝሙራት እስከ ዛሬ ተጠብቀውለታል። ትውፊታችን ድርሰቶቹን 14,000 ያደርሳቸዋል። የጸጋው ማዕበል ስለ በዛበትም እግዚአብሔር ጥቂት እንዲገታለት ለመነ ይባላል።

ለምን ግጥምን መረጠ? ምክንያቱ ለሕዝብ ስለሚጥም ብቻ አይደለም። አርዮሳውያን የእግዚአብሔርን ባሕርይ በሰው ቃል ሊለኩትና ሊወስኑት ይሞክሩ ነበር። ቅዱስ ኤፍሬም እንዲህ ያለውን ምርምር እንደ ድፍረት ይቆጥረዋል። ግጥም ግን ምሥጢርን ሳይዘጋው ያሳያል፤ አንዱን ነገር በሌላው መስሎ ይናገራል፤ እሳትና ዕንቁ፣ ባሕርና መስተዋት ስለ አምላክ እንዲመሰክሩ ያደርጋል፤ የማይነገረውንም በመደነቅ ይተወዋል። የእኛ ሊቃውንት በሰምና ወርቅ ምሥጢርን ሲሰውሩና ሲገልጡ የሚያደርጉት ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም።

የደናግል ማኅበር

የቅዱስ ኤፍሬም ድርሰቶች ዋና ዋናዎቹ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ሜምራ ይባላል፤ በሰባት ሰባት ቀለም እየተመጠነ በንባብ የሚሰማ ስብከት ነው። ሁለተኛው መድራሻ ይባላል፤ በአንቀጽ በአንቀጽ ተከፍሎ በዜማ የሚዘመር ነው። በእያንዳንዱ መድራሻ ራስጌ የሚዘመርበት ዜማ ስም ይጻፋል። አንዱ መሪ አንቀጹን ይዘምራል፤ አንቀጹ ሲያልቅ ማኅበሩ በአንድ ድምፅ አጭር ምላሽ ይቀበላል። ምላሹ አጭር ነው፤ ማንም ባንድ ጊዜ ይይዘዋል። አንቀጾቹ እየተለወጡ ምሥጢሩን ሲያራቅቁ ምላሹ እየተመላለሰ ልብን ያጸናል። ፊደል ያልቆጠረው ምእመን ሙሉውን መድራሻ ባይዝ እንኳ ምላሹን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በምላሹም ውስጥ ሃይማኖቱን ይዞ ይሄዳል።

ይህን ምላሽ ለመቀበል ቅዱስ ኤፍሬም የመረጣቸው የቃል ኪዳን ልጆች የሚባሉትን ደናግል ነው። እነዚህ በድንግልና ጸንተው በከተማው ውስጥ ሆነው ቤተ ክርስቲያንን የሚያገለግሉ ሴቶች ነበሩ። ሽማግሌው ዲያቆን በመካከላቸው ቆሞ ዜማውን ያስጠናቸው ነበር። በበዓላትና በሰንበት የጌታን ልደት፣ ጥምቀቱን፣ ጾሙን፣ ሕማሙንና ትንሣኤውን ይዘምራሉ። ከተማውም ሊሰማ ይሰበሰባል። ከዓመታት በኋላ ይህን አገልግሎት በድርሰቱ ያወደሰው ሌላው ሶርያዊ ሊቅ ያዕቆብ ዘሥሩግ ነው። እርሱ ቅዱስ ኤፍሬምን ሴቶች በባሕረ ኤርትራ ዳር እንዲዘምሩ ካደረገው ከሙሴ ጋር ያነጻጽረዋል። በቀዳማዊት ሔዋን ምክንያት የተዘጋው የሴቶች አንደበት በዳግማዊት ሔዋን በእመቤታችን ተከፍቷልና ዝም ሊሉ እንደማይገባም ያስተምራል።

ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን። የኤፍሬም ግጥም በብራና ላይ ሳለ ገና አልተፈጸመም፤ የሚፈጸመው መሪው ሲመራና ማኅበሩ ሲቀበል ነው። የደረሰው አንድ ሰው ነው፤ የሚመሰክረው ግን ጉባኤው ሁሉ ነው። የባርዳይሳንን መዝሙር የተረታው በበለጠ ክርክር ብቻ ሳይሆን፣ እውነትን በአንድነት በሚዘምር ሕዝብ ነው።

ታሪክን በድምፅ

ቅዱስ ኤፍሬም ታሪክ ነጋሪም ነው። የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ ሲነግር ከውጭ ቆሞ አይተርክም፤ በታሪኩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ያናግራቸዋል። በልደት መዝሙራቱ እመቤታችን ሕፃኑን ታቅፋ በምን ስም እንደምትጠራው እየተደነቀች ትናገራለች፤ ልጇም ፈጣሪዋም ነውና ቃል ያጥራታል። በንጽቢን መዝሙራት ሁለተኛ ክፍል ሞትና ሰይጣን ተቀምጠው ይከራከራሉ፤ ሰውን የምገዛ እኔ ነኝ፣ እኔ እበልጥ እየተባባሉ ይፎካከራሉ። ሲከራከሩ የሚሰማው ምእመን ፈገግ ይላል፤ የሁለቱም ሥልጣን በመስቀል እንደ ተሻረ ያውቃልና። አስፈሪዎቹ ጠላቶች በሕዝብ ፊት መሳለቂያ ሆኑ። በሱርስት እንዲህ ያለው የምልልስ ግጥም ከእርሱ በኋላ ሱጊታ ተብሎ በብዛት ተደርሷል።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ስለ ዮናስና ስለ ነነዌ ሰዎች የደረሰው ሜምራ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ የነነዌን ንስሓ በጥቂት ቁጥሮች ይነግረናል። ቅዱስ ኤፍሬም ግን ወደ ከተማዋ ቤቶች ይገባል። ልጆች ወላጆቻቸውን ስንት ሰዓት እንደ ቀራቸው ይጠይቃሉ፤ አባቶች እንባቸውን ውጠው ልጆቻቸውን ያጽናናሉ። ይህን የሚሰማ አባት የገዛ ልጁን ፊት ያያል። በንጽቢን ቅጥር ውስጥ ተከቦ የኖረ ሰው ነውና፣ ልጆች በጥፋት ዋዜማ ምን እንደሚጠይቁ ደራሲው የሚያውቅ ይመስለናል። በየዓመቱ ጾመ ነነዌን ሦስት ቀን ስንጾም ያን ድምፅ ብናስበው ጾሙ ከልማድ ወጥቶ ልቅሶ ይሆንልናል።

ሆኖም ታሪክን ሲያሰፋ ከመጽሐፍ አሳብ አይወጣም። የሚጨምረው ድምፅ፣ መልክና እንባ ነው፤ ሌላ ወንጌል አይጨምርም። አድማጩን ወደ ታሪኩ የሚያስገባው ሊያዝናናው ብቻ አይደለም፤ ወደ ንስሓ እንዲመጣ ነው። ይህ የምልልስና የምላሽ መንገድ ከሱርስት አልፎ ወደ ግሪክ ቋንቋ እንደ ተሻገረ፣ በ6ኛው መቶ ዘመን የነበረው ሶርያዊው ባለ ዜማ ሮማኖስም ከእርሱ እንደ ቀዳ ብዙ ሊቃውንት ይናገራሉ።

የመጨረሻው አገልግሎት

በሕይወቱ መጨረሻ በሮሃ ጽኑ ረኀብ ሆነ። ባለጠጎች እህላቸውን ዘግተው ተቀመጡ። ቅዱስ ኤፍሬም ከበዓቱ ወጥቶ ገሠጻቸው። እነርሱም ገንዘባችንን በታማኝነት የሚያድል ሰው አጣን ብለው አመካኙ። እርሱም ራሱን ለዚህ አገልግሎት ሰጠ። ገንዘቡን ተቀብሎ በከተማው መመላለሻዎች 300 ያህል አልጋዎችን አዘረጋ፤ የተራቡትን መገበ፤ የታመሙትን አስታመመ፤ የሞቱትን ቀበረ። ረኀቡ ሲያልፍ ወደ በዓቱ ተመለሰ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም በ373 ዓ.ም. በሰኔ ወር ዐረፈ። ቤተ ክርስቲያናችን ሐምሌ 15 ቀን መታሰቢያውን ታከብራለች።

ስለ ዝማሬ በምንናገርበት ጽሑፍ ይህን ታሪክ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በነነዌ ስለ ተራቡ ልጆች ያስለቀሰ ደራሲ በሮሃ የተራበ ልጅ ሲያይ መዝሙር ደርሶ ብቻ ቢቀመጥ ኖሮ መዝሙሩ ባዶ ድምፅ በሆነ ነበር። አንደበቱ የተናገረውን እጁ ፈጸመው።

ከሮሃ ወደ አክሱም

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ቅዱስ ኤፍሬም የእመቤታችን ፍቅር በልቡ የበዛ ነበር። ውዳሴዋን ለመድረስ ሲመኝ በየዕለቱ እየተገለጠች አስደርሳዋለች። ስለዚህ ውዳሴ ማርያም ከሰኞ እስከ እሑድ በሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ ይጸለያል። እንደገናም ትውፊታችን እመቤታችን ቅዱስ ኤፍሬምንና የቅዳሴ ማርያምን ደራሲ አባ ሕርያቆስን በአክሱም አጠገብ በማይ ኪራሕ ወደ ቅዱስ ያሬድ እንዳመጣቻቸው፣ እነርሱም ድርሰታቸውን እንደ ነገሩት፣ እርሱም በዜማ እንዳዘጋጀው ይናገራል።

ይህን ትውፊት ስናስብ ልባችን ይነካል። ቅዱስ ኤፍሬም ከቅዱስ ያሬድ በፊት ወደ 200 ዓመታት ገደማ የኖረ ነው፤ ሀገሩ ሩቅ፣ ቋንቋው ሌላ ነው። አባቶቻችን ግን የሶርያው ድርሰት በኢትዮጵያ በጽሑፍ ብቻ ደረሰ ብለው አልተዉትም፤ ደራሲው ራሱ መጥቶ ለባለ ዜማው በቃሉ ነገረው አሉ። ድርሰት ከአንደበት ወደ ጆሮ፣ ከጆሮ ወደ ዜማ፣ ከዜማ ወደ ማኅበር እንደሚሻገር ያውቁ ነበርና።

የቅዱስ ኤፍሬም መድራሻዎች የጥንት ዜማ ግን ዛሬ በእጃችን የለም፤ የቀረው በየራስጌው የተጻፈው የዜማው ስም ነው። ስሙን ያነበበ ዜማውን ያውቅ ስለ ነበር ሌላ ምልክት አላስፈለገውም፤ የሚያውቁት ሲያልፉ ግን ዜማው አብሯቸው አለፈ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የያሬድ ዜማ እስከ ዛሬ የደረሰው ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ሲተላለፍ ኖሮ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩለት ሊቃውንት ይናገራሉ። ምልክቱን ራሱን ግን ያለ መምህር ማንበብ አይቻልም። ጉባኤ ቤቶች ከተዘጉ ድጓው በመደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ ዜማው ግን የሮሃ መዝሙራት በሄዱበት መንገድ ይሄዳል።

ለእኛ የቀረው ጥያቄ

ዛሬ መዝሙር በየኪሳችን አለ። በስልካችን የምንከፍተው፣ በመኪና የምንሰማው፣ ለልጆቻችን የምናሰማው ብዙ ነው። አንዳንዱ ነፍስን ያረካል፤ አንዳንዱ ግን ዜማው ጣፍጦን ቃሉን ሳንመረምር የምንቀበለው ነው። ወንድሞችና እኅቶች ስለዚህ ሲከራከሩ የቅዱስ ኤፍሬም ስም ይነሣል። ሶዞሜን ቅዱሱ የሐርሞንዮስን ዜማ ወስዶ ቀና ሃይማኖት የሚያስተምር ቃል እንደ ገጠመለት ጽፏልና፣ እኛስ ከዓለም ዜማ ብንወስድ ምን ነውር አለው የሚሉ አሉ።

ጥያቄው በቅንነት ሊመለስ ይገባዋል። ቅዱስ ኤፍሬም ያን ዜማ ወስዶ ከሆነ የወሰደው ሕዝቡ አስቀድሞ የተማረከበት ስለ ነበር ነው፤ ምርኮን ለማስመለስ ነው። ደግሞም ዜማውን ብቻ ወስዶ አልተወውም። ቃሉን ከመጽሐፍ ቅዱስ ቀዳው፤ ዘማርያኑን በንጽሕና ከሚኖሩት መረጣቸው፤ ራሱ በመካከላቸው ቆሞ አስተማራቸው፤ የሚዘመርበትን ቦታና ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን በዓላት ጋር አሰረው። ይህን ሁሉ ትተን ዜማ መውሰዱን ብቻ ከእርሱ ብንማር ኤፍሬምን አልተከተልንም። እኛ ደግሞ ግእዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ ያሉን ነን። በባዕድ መሣሪያ ለመዋጋት የሚያስገድድ ችግር የለብንም፤ ያለብን ችግር የራሳችንን አለመማር ነው።

ወቀሳውን ለዘማርያን ብቻ መተውም አይገባም። በሮሃ የተሳሳተው መዝሙር ለረጅም ዘመን የተዘመረው የሚተካው ስላልነበረ ነው። ዛሬም ምእመናን ሌላውን የሚሰሙት በሚገባቸው ቋንቋ፣ ምሥጢር ያልጎደለው፣ በአፋቸው ሊይዙት የሚችሉት መዝሙር ስላላቀረብንላቸው እንዳይሆን ራሳችንን እንመርምር። ቅዱስ ኤፍሬም ሕዝቡ ለምን የባርዳይሳንን ይዘምራል ብሎ ሲያዝን አልኖረም፤ በስተርጅና ወገቡን ታጥቆ ለደናግል ዜማ ሲያስጠና ኖረ። ዛሬ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ነጭ ለብሰው የሚቆሙት እኅቶቻችን በዚያው መሥመር የሚገኙ ናቸው። የሚዘምሩትን እንዲያውቁት፣ ያወቁትንም እንዲኖሩት ማስተማር የእኛ የአገልጋዮቹ ዕዳ ነው።

ግጥም ምሥጢርን ይሸከማል፤ ታሪክ ምሥጢሩን ወደ ሕይወታችን ያቀርበዋል፤ ዝማሬ ደግሞ የብዙዎች ምስክርነት ያደርገዋል። ግጥሙ ምሥጢር ሲጎድለው ዝማሬው ጩኸት ይሆናል፤ ዝማሬው ሲቀር ደግሞ ምሥጢሩ በመጽሐፍ ተዘግቶ ይኖራል። ቅዱስ ኤፍሬም የመንፈስ ቅዱስ በገና የተባለው ሦስቱን ሳይለያይ ስለ ያዘ ነው። በገና ብቻውን ተሰቅሎ ሲኖር እንጨትና ጅማት ነው፤ የሚሰማው የሚደረድረው እጅ ሲያገኝ ነው። ዛሬ ማታ ከልጆቻችን ጋር የዕለቱን ውዳሴ ማርያም እየመራንና እየተቀበልን ብንጸልይ፣ ያ በገና በቤታችን ደግሞ ይሰማል።

የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።